እንግሊዝኛ ተምሬ አድጌ ለንደን ላይ አፌ አልፈታ አለኝ

አዲስ ገቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ከገባሁ 5 ወሬ ነው፣ ማስተርስ እየተማርኩ ነው። የሚያማክረኝ ሰው አጥቼ አይደለም እዚህ የምጽፈው። የማውቃቸው ሁሉ «ቆይ፣ ትለምጅዋለሽ» ብለው ስለሚያልፉኝ ነው። መቼ ነው የሚለመደው?

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አማርኛ ካልሆነ በቀር ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት። ዲግሪዬንም እንደዛው። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና 6.5 አምጥቻለሁ። ጽሑፍ ላይ ችግር የለብኝም። ክፍል ውስጥ ውይይት ሲጀመር ግን አፌ ይተሳሰራል። የምለውን በአማርኛ አስባለሁ፣ ወደ እንግሊዝኛ እገለብጣለሁ፣ ግሱን ከመጨረሻ አንስቼ መሃል አስገባለሁ፣ ልክ መሆኑን አረጋግጬ እጄን ላወጣ ስል ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። ቻይናዊቷም ብራዚላዊውም ይናገራሉ። ሰዋስው ሲሳሳቱ ይሰማኛል፣ ግን ይናገራሉ። እኔ ሳልሳሳት ዝም ብዬ እወጣለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር ደረሰብኝ፣ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ተማሪ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ስለሚፈቀድለት አንድ ካፌ ገብቻለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊዋ ነገ «ሃፍ ሲክስ» ላይ ግቢ አለችኝ። ስልኬ ላይ በአማርኛ «ነገ ስድስት ተኩል» ብዬ ጻፍኩ። ማታ ስከፍተው በአማርኛ የተጻፈ ነገር ነውና በእኛ ሰዓት አነበብኩት። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ማለት ነው። እሷ ያለችው ግን በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ስነሳ 11 ጊዜ ተደውሎልኝ ነበር። እየሮጥኩ ሄድኩ። እናቴ ፊት ቢሆን በሁለት ደቂቃ የማስረዳው ነገር ነው፣ የእኛ ሰዓት እንዲህ ይቆጠራል፣ ስለዚህ እንዲህ ሆነ ብዬ። አልቻልኩም። «ሶሪ፣ ሶሪ» ብቻ አልኩ። ሰነፍ መስዬ ታየሁ። የሚያመኝ እሱ ነው። ሰነፍ ተብዬ አላውቅም።

የምኖረው ከሦስት ሐበሻ ልጆች ጋር ነው። ቤት ስንገባ አማርኛ ነው፣ እንጀራ ነው፣ ቡና ነው። አንዷ ጓደኛዬ ከነሱ ጋር እያለሽ እንግሊዝኛ አይመጣልሽም፣ ውጪ ትለኛለች። ልውጣ? ወይስ ኮርስ ልጀምር? አክሰንቴስ ነው ችግሩ? ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።


የቃሊቲው፦

ውጪ። ቶሎ።

እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ከዘመድ ጋር ነበርኩ፣ ምንም አልተለወጥኩም። ከዛ አንዲት አዛውንት ሴትዮ ቤት ክፍል ተከራየሁ፣ ራት አብረን ነበር የምንበላው። በየቀኑ ቀንህ እንዴት ነበር ትለኛለች። መጀመሪያ «ጉድ» ብዬ አጎነብስ ነበር። እሷ ግን አትለቅም፣ ምን ጥሩ ነበር? ማንን አገኘህ? ምን በላህ? ሳልወድ በግድ ተናገርኩ። ስሳሳት አታርመኝም፣ እኔ ያልኩትን በትክክሉ መልሳ ትለዋለች፣ «አይ ጎ የስተርደይ» ካልኩ «ኦ፣ ዩ ዌንት የስተርደይ» ትላለች። በ6 ወር ውስጥ ሌላ ሰው ሆንኩ። ቤትሽ ሐበሻ ካለ አንጎልሽ ምን ቸገረው?


ማዶ ለማዶ፦

የቃሊቲው ወንድሜ፣ አንተ ጥሩ ሴትዮ ስለገጠመችህ ነው። እኔ ይህንኑ ምክር ሰምቼ ወጣሁ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ገባሁ፣ አምስታችንም ከአምስት አገር። ማንም ማንንም አያናግርም። ሁሉም ክፍሉን ቆልፎ ይቀመጣል። ማቀዝቀዣው ውስጥ ወተቱ ላይ ስም ተጽፏል፣ እንቁላሉ ላይ ስም ተጽፏል። ኩሽና ውስጥ ከተገናኘን «ዩ ኦልራይት?» ይሉኛል፣ መልስ ልሰጥ ስዞር ሄደዋል። ያኔ ፊቴ ላይ የሕመም ምልክት ታይቷቸው የሚጠይቁኝ ነበር የሚመስለኝ። ሰላምታ ነው ለካ፣ እንደ እኛ «ሰላም ነው?»። መልሱም እሱው ነው፣ «ኦልራይት?» ብለሽ ታልፊያለሽ።

እንግሊዝኛም አልተናገርኩ፣ አማርኛም አልተናገርኩ። ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ድምፄን ሳልሰማ የዋልኩበት ጊዜ አለ። ሰኞ ክፍል ስገባ ከበፊቱ የባሰ ዝም እላለሁ። በብርዱ ወራት፣ ታኅሣሥ አካባቢ፣ በእነሱ ሰዓት ከቀኑ 4 ሲሆን ይጨልማል፣ እሱ ራሱ ሰው ይጎዳል። በመጨረሻ ወደ ሐበሻ ቤት ተመለስኩ። የሚገርመው እንግሊዝኛዬ መሻሻል የጀመረው ከዛ በኋላ ነው። ማታ የሚያዋራኝ ሰው ካለ ጠዋት የመሳሳት አቅም አለኝ።

ስለዚህ እህቴ፣ ቤቱን አትልቀቂ ባልልም፣ የሚያናግርሽ ሰው መኖሩን ሳታረጋግጪ ግን አትውጪ።


የሁለት ልጆች እናት፦

የኔ ልጅ፣ ያ የካፌው ነገር አንጀቴን በላው። አይዞሽ።

እኔ እንዳንቺ የተማርኩ አይደለሁም፣ ከ8ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ግን ቋንቋ ሁለቴ ከዜሮ ተምሬያለሁ። መጀመሪያ ቤይሩት 4 ዓመት ሠርቻለሁ። አረብኛ አንድ ፊደል አላውቅም ነበር። ማዳሟ «በናዶራ» ስትለኝ ሽንኩርት ይዤ ሄድኩ። ቲማቲም ነው ለካ። በማግስቱ አልተሳሳትኩም። በ8 ወር አረብኛ አወራ ነበር፣ ደብተር ሳልከፍት። ጎበዝ ስለሆንኩ አይመስልሽ። ካልተናገርኩ ኑሮ አይገፋም ነበር። እዛ ቤት ውስጥ የደረሰብኝ ሁሉ ጥሩ አልነበረም፣ እሱን ለሌላ ቀን። ጆሮዬን የከፈተው ግን እሱ ነው።

ለንደን በትዳር መጣሁ። እዚህ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፣ ባለቤቴ እንግሊዝኛ ስለሚችል ሁሉን እሱ ያወራልኛል። ሐኪም ቤት እሱ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት እሱ፣ ባንክ እሱ። 3 ዓመት እንደዛ አለፈ። አንድ ቀን ልጄ በሌሊት አተኮሳት፣ እሱ ሥራ ላይ ነበር፣ ስልኩን አያነሳም። ደውዬ ምን ልበል? ልጅ ይዤ ስልኩን እያየሁ የቆምኩበትን ደቂቃ አልረሳውም። በማግስቱ ሰፈራችን ያለ ኮሌጅ ሄጄ ኢሶል፣ ለውጭ አገር ሰው የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ ተመዘገብኩ።

ከመጀመሪያው ደረጃ፣ ከኢንትሪ 1 ጀምሬ ኢንትሪ 3 ድረስ ሄድኩ። ክፍላችን ውስጥ ሶማሌ አለች፣ ባንግላዴሽ አለች፣ ፖላንድ አለች፣ ከኮሎምቢያ የመጣ ሰውዬ አለ። ሁላችንም ሰባራ ነው የምንናገረው፣ ማንም ማንንም አያፍርም። ከሁሉ የከበደኝ ስልክ ነው። ፊት ለፊት ሲሆን እጁን ታያለሽ፣ ከንፈሩን ታያለሽ። ስልክ ላይ ድምፅ ብቻ ነው። ምን አደረግኩ መሰለሽ፣ ከመደወሌ በፊት የምለውን ሦስት ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጽፌ ማቀዝቀዣው በር ላይ እለጥፋለሁ። አንደኛው ስሜና የልደት ቀኔ ነው። ሁለተኛው የፈለግኩት ነገር። ሦስተኛው «ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን፣ ስሎውሊ፣ ፕሊስ» ነው፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ ማለት ነው። ሦስተኛውን እስኪያልቅ ድረስ ተጠቀምኩበት። ያ ወረቀት ዘይት ነክቶት ቢጫ እስኪሆን እዛው ነበር።

አሁን ልጆቼ ትምህርት ቤት ስብሰባ ሲኖር እኔ ነኝ የምሄደው።

ለማታውቁ ደግሞ፣ ሐኪም ቤት ለሕክምና ጉዳይ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፣ የመንግሥቱ ጤና አገልግሎት ላይ ክፍያ የለውም። ማፈር አያስፈልግም። ስለ ጤና በግማሽ ጆሮ መስማት ጥሩ አይደለም።


አዲስ ገቢ፦

እናቴ፣ ሳነብ አለቀስኩ። ስልኩ ላይ የቆሙበት ደቂቃ... ገባኝ። ወረቀቱን ዛሬ ጽፌያለሁ።

አክሰንትን በተመለከተ ግን ማንም አልመለሰልኝም። ካፌ ውስጥ «ዋት?» ሲሉኝ የምናገረውን ነገር እየጠላሁት ነው።


ጠመኔ፦

አገር ቤት ለ7 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፣ እዚህ ደግሞ ተማሪ ሆኜ መጥቼ እንዳንቺው ደንግጫለሁ። ስለዚህ ከሁለቱም በኩል ልንገርሽ።

መጀመሪያ አክሰንትሽን ተይው። ለንደን ውስጥ አክሰንት የሌለው ሰው የለም። የምሥራቅ ለንደን ልጅ «ዎተር» አይልም፣ «ዎአ» ነው የሚለው፣ ቴዋን ጉሮሮው ውስጥ ያስቀራታል። ስኮትላንዳዊውን ለንደኖቹ ራሳቸው ድገምልኝ ይሉታል። ያንቺ ችግር ድምፀትሽ አይደለም፣ ጉልበቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ነው። አማርኛ ውስጥ እያንዳንዱን ፊደል እኩል እንጠራዋለን። ስማችንን ስንጠራ እንኳ አንዱን ረግጠን ሌላውን አንውጥም። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ይረግጥና ሌላውን ይውጠዋል። እኛ «ዴ-ቨ-ሎፕ-መንት» እኩል እኩል እንላለን፣ እነሱ «ድ-ቬ-ለፕ-ምንት»፣ ቬ ላይ ብቻ ነው የሚቆሙት። «ዋት?» ያለሽ ሰው ባብዛኛው የተረገጠውን ቦታ ፈልጎ አጥቶት ነው።

አሁን ደስ የሚለው ነገር። ያ የሚዋጠው ድምፅ የእኛ ነው! የእንግሊዝኛ መምህራን ስንት ሰዓት የሚያጠፉበት ድምፅ ለእኛ «ኧ» እና «እ» መሃል ያለ ነገር ነው። ጣሊያኖቹና ስፔኖቹ እሱን ለማውጣት ይቸገራሉ፣ እኛ በየቃላችን ውስጥ አለን። «ባናና» አትበዪ፣ «ብናነ» በይ። «አባውት» ሳይሆን «እባውት»። «ቱ» ሳይሆን «ት»። ሞክሪውና ጆሮሽ ራሱ ይነግርሻል።

ለመስማትም ይኸው ነው ቁልፉ። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ፣ እኔን አንድ ሙሉ ቀጠሮ ያሳጣኝ ነው። «አይ ካን ካም» እና «አይ ካንት ካም» ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ትመስለኝ ነበር። እዚህ አገር ሰዎች ሲያወሩ ያቺ «ት» አትሰማም። ልዩነቱ አናባቢው ላይ ነው። እችላለሁ ሲል «አይ ክን ካም» ነው፣ ተውጣ ታልፋለች። አልችልም ሲል «አይ ካ-ንት ካም» ነው፣ ረዝማ፣ ተረግጣ። እኛ አገር ቤት «ካን» ብለን ረግጠን ስለምናስተምር፣ ረግጦ ያለውን ሁሉ እችላለሁ ብሎናል እንላለን። እኔም እንደዛ አስተምሬያለሁ፣ ተማሪዎቼን ባገኝ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

የቦታ ስሞችንም ከምልክቱ አታንብቢ፣ ባቡር ውስጥ ከሚነገረው ስሚ። ሌስተር ስኩዌር ነው እንጂ «ለይሰስተር» አይደለም። ግሬኒች ነው እንጂ «ግሪንዊች» አይደለም። «ሳውዝዋርክ» ሳይሆን ሳዘክ፣ «ሆልቦርን» ሳይሆን ሆበን። መንገድ ስትጠይቂ ይህን ካላወቅሽ ሰው አይገባውም፣ አንቺ ደግሞ እንግሊዝኛሽ የጠፋ ይመስልሻል።

ልምምዱ ቀላል ነው። የሚስብሽን የሬዲዮ ወይም የፖድካስት ዝግጅት ምረጪ፣ የቢቢሲ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያዎች ጽሑፋቸው አብሮ አለ፣ በነፃ ነው። ሁለት ደቂቃ ብቻ ውሰጂ። ስሚው፣ ከዛ ጽሑፉን እያየሽ እኩል ከሰውዬው ጋር ተናገሪ፣ እሱ በዋጠበት ዋጪ፣ በረገጠበት ርገጪ። ያንኑ ሁለት ደቂቃ ለአንድ ሳምንት። አዲስ አትጨምሪ። እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር የማደርገው።

በአማርኛ አስቤ ገልብጬ ላልሽው ደግሞ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትገልብጪ። በእንግሊዝኛ መጀመሪያ ማን ምን አደረገ የሚለውን ጣይው፣ ዝርዝሩ ኋላ ይመጣል። አማርኛ ዝርዝሩን ሁሉ ከፊት ደርድሮ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣል፣ ስለዚህ ሙሉውን አስበሽ እስክትጨርሺ ትጠብቂያለሽ። «አይ ዲስአግሪ» (አልስማማም) በይና ጀምሪ። ለምን እንደሆነ እየተናገርሽ ታገኚዋለሽ።


ቀይ አፈር፦

እኔ ለዲግሪ አልመጣሁም፣ ለእንግሊዝኛ ትምህርት ብቻ በአጭር ጊዜ ቪዛ ነው የመጣሁት። 11 ወር ነበር፣ መሥራት አይፈቀድም። ትምህርት ቤቱ ሲፈትነኝ ቢ1፣ መካከለኛ ደረጃ ነሽ አሉኝ። እዛ ያለውን ሕይወት ለማታውቁ፣ በየሰኞው አዲስ ሰው ይገባል፣ በየዓርቡ ሰው ይሰናበታል። ከአንዲት ኮሪያዊት ጋር ተግባብቼ፣ ቤቷ ራት በልቼ፣ እንጀራ አቅምሻት፣ በሦስተኛው ወር ሄደች። ከዛ ቱርካዊቷ ሄደች። እየደጋገምኩ «ስምሽ ማነው፣ ከየት ነሽ፣ ስንት ወር ትቆያለሽ» ስል ከረምኩ። ሰላምታ ላይ በጣም ጎበዝ ሆንኩ። ከሰላምታ ወዲያ ግን የለሁም።

የተለወጠልኝ በአንድ ቀን ነው ብል አጋነነች እንዳትሉኝ። መምህራችን ከአገራችን ጋር የተያያዘ ነገር ለንደን ውስጥ ፈልገን አሥር ደቂቃ እንድናቀርብ አዘዘን። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሄድኩ፣ መግቢያው ነፃ ነው። ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድ እዛ አለ። መስታወቱ ፊት ቆሜ ጽሑፉን እያነበብኩ ሳለ አጠገቤ አንዲት እንግሊዛዊት እናት ልጇ «ማን ነው የለበሰው?» ሲላት አታውቅም። እኔ አውቃለሁ። አፌን ከመክፈቴ በፊት አላሰብኩም። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ምን እንደሆነ፣ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብሎ ራሱን እንደገደለ፣ ልጁ አለማየሁ በ7 ዓመቱ ወደዚህ አገር እንደመጣ፣ በ18 ዓመቱ እንደሞተና ዊንድዘር እንደተቀበረ ነገርኳት። የሴትዮዋ ልጅ «ዘውዱን ለምን አልመለሱትም?» አለ። እሱን ለመመለስ ሌላ አሥር ደቂቃ ፈጀሁ። ስንት ስህተት እንደሠራሁ አላውቅም፣ «ሂ» የሚባለውን «ሺ» ብዬ ሁሉ ይሆናል። ልጁ ግን እየሰማኝ ነበር። ደረጃውን ስወርድ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የፍርሃት አልነበረም።

ለኔ ችግሩ ቃል ማጣት አልነበረም። ትምህርት ቤት የሚጠይቁኝ ነገር ሁሉ ትርፍ ጊዜሽን እንዴት ታሳልፊያለሽ፣ የምትወጂው ምግብ ምንድነው ነበር። ለሱ የሚታገል ሰው የለም።

ስለዚህ አዲስ ገቢ፣ ምንድነው የምትማሪው? ክፍልሽ ውስጥ ካንቺ በቀር ማንም የማያውቀው ነገር ምን አለ? ከሱ ጀምሪ።


የቃሊቲው፦

ቀይ አፈር ያልሽው ልክ ነው፣ እኔም ሴትዮዋን ብዙ ያወራኋት ስለ አባቴ ከባድ መኪና ነበር። ቢሆንም ውጪ ያልኩትን አልመልስም። ቢያንስ ራት ላይ በሳምንት አንድ ቀን እንግሊዝኛ ብቻ ተባባሉ።


አዲስ ገቢ፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁባችሁ፣ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ካፌው ውስጥ ኃላፊዋን እረፍት ሰዓት ላይ አስቀመጥኳት። ወረቀት ላይ ሁለት ሰዓት ሳልኩላት። በአንደኛው ላይ የእነሱን፣ በሌላው የእኛን። ፀሐይ ስትወጣ መቁጠር እንጀምራለን፣ እናንተ 7 ስትሉ እኛ 1 እንላለን አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችውና «ዛት ሜክስ ሞር ሴንስ ዛን አወርስ» አለች፣ ከእኛ ይልቅ የእናንተው ስሜት ይሰጣል ማለቷ ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ የሁላችንንም ሰዓት በቁጥር ነው የምትጽፈው፣ 06:30 ብላ። ወረቀቱን ኩሽናው ውስጥ ለጥፋዋለች።

ክፍል ደግሞ... የምማረው የከተማ ፕላን ነው። ባለፈው ሐሙስ ስለ መኖሪያ ቤት እጥረት ውይይት ነበር። አንዱ ልጅ መንግሥት ብዙ ቤት ከሠራ ችግሩ ያልቃል አለ። እኔ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው ያደግኩት። ዕጣ የወጣ ቀን ሰፈር ውስጥ የነበረውን እልልታ አስታውሳለሁ። ከዛ ዕጣ የወጣላቸው ጎረቤቶቻችን ቅድመ ክፍያውን መክፈል አቅቷቸው ቤቱን አከራይተው እነሱ የጭቃ ቤት ሲከራዩ አይቻለሁ። ጠመኔ እንዳልከው «አይ ዲስአግሪ» ብዬ ጀመርኩ። ቀጥሎ ምን እንደምል አላውቅም ነበር፣ መጣ። መሃል ላይ «ዕጣ» የሚለው በእንግሊዝኛ ጠፋኝ፣ «ላክ» (ዕድል) አልኩ፣ መምህሬ «ሎተሪ?» አሉኝ፣ የስ አልኩና ቀጠልኩ። ሲያልቅ ሦስት ሰዎች ጥያቄ ጠየቁኝ። ብራዚላዊው እነሱም አገር ተመሳሳይ ነገር አለ ብሎ እስከ ባቡር ጣቢያው አብሮኝ ሄደ።

ከቤቱ አልወጣሁም። ማክሰኞ ማታ ራት በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹ ተስማምተዋል። ወጥ ሲያልቅ ግን ሁላችንም ወደ አማርኛ እንመለሳለን።

ቀይ አፈር፣ ለንደን ውስጥ ካለሽ ዘውዱን ማየት እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ይመችሻል?


ቀይ አፈር፦

ይመቸኛል። በእነሱ 2 ሰዓት፣ በእኛ 8። ዋናው በር ጋ እጠብቅሻለሁ።